ከወፏ ኋላ ያለው ሰው

በ2091 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሶልያና መርዕድ ወደ ቡርቃ ጨፌ በሚሄደው የጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነበር። በጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን የካሜራ ሻንጣ በሁለት እጇ አቅፋ መስኮቱን ተደግፋ ተቀመጠች።

የአውቶቡሱ መስታወት እንደማንኛውም የዘመኑ መስታወት የሚያጸዳ ነው። ደጅ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የቆሻሻ ክምር፣ ከመንገድ ወጥቶ የተገለበጠ የጭነት መኪና እያጠፋ በቦታው አረንጓዴ ሜዳ ይተካል። የዚያን ዕለት ዝናቡንም አጥፍቶት ነበር። ስለዚህ ተሳፋሪ በወረደ ቁጥር አስቀድሞ በበሩ በኩል እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል። መዳፉ ከረጠበ ጃንጥላውን ይከፍታል፣ ካልረጠበ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሕፃናት ሳይቀሩ ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ሶልያናም ተራዋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። ዝናቡ ከባድ ነበር።

በፍጥረታት መዝገብ ቤት ፎቶ አንሺነት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። የመዝገብ ቤቱ ደንብ አጭር ነው፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ፎቶ ያልተነሳ ፍጥረት ፋይሉ ይዘጋል። "ጠፋ" የሚባል ቃል በደንቡ ውስጥ የለም፤ የሚጻፈው "ተጠናቋል" ነው። ፋይሉ የተጠናቀቀ ፍጥረት ይኖርበት የነበረው መሬትም ለሌላ አመልካች ይሰጣል።

አሁን ሊዘጋ የደረሰው ፋይል የነጭ ክንፍ ነበር። ነጭ ክንፍ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ የረግረግ ወፍ ናት። ሳር ውስጥ ለውስጥ እንደ አይጥ እየሮጠች ትውላለች እንጂ መብረር አትወድም። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ የሚታየው ስትነሳ ብቻ ነው፣ ያውም ለዓይን ጥቅሻ ያህል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ረግረግ ዳር ኖረው አንድ ቀን እንኳን ያላዩዋት ሰዎች ሞልተዋል። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፎቶ ያነሳቻት ራሷ ሶልያና ናት፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ እዚሁ ጨፌ። ጳጉሜን ሦስት ቀን ሃያ ዓመት ይሞላዋል።

ያ ፎቶ በአገሩ የማያውቀው ሰው አልነበረም። የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ሽፋን ሆኗል፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፏ ክንፏን ከፈት አድርጋ ትታያለች፣ ከኋላዋ አረንጓዴ ቄጠማና ስስ ጉም ብቻ አለ። ሰዎች ሲያዩት "እንዴት ጸጥ ያለ ቦታ ነው" ይላሉ።

የጨፌው ጠባቂ ጋሽ ናኦል ቶሌራ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ረዘም ያሉ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሰማያዊ የዝናብ ልብስ የለበሱ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን የሚያጸዳ መነጽር አላደረጉም። ሶልያና ይህን ልብ ብላ አየችው፣ ምክንያቱም ከከተማ ከወጣች ጀምሮ ያለ መነጽር ያየችው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

"ዝናብ እየመታሽ ነው፣ ግቢ" አሏት።

አጥሩ ጨፌውን በሙሉ ከቦ ያለማንም እርዳታ ራሱን ይጠብቃል። ከብት ሲጠጋ ይጮኻል፣ ሰው ሲጠጋ መታወቂያ ይጠይቃል። የጋሽ ናኦል ሥራ አጥሩን ከሐረግ ማጽዳት ብቻ ነበር። ሶልያና ድንኳኗን ውስጥ ተከለች፣ ሌንሷን በቀዳዳው አወጣች፣ መጠበቅ ጀመረች።

ዘጠኝ ቀን ጠበቀች። ጨፌው እሷ የምታውቀው ጨፌ አልነበረም። ያኔ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ቄጠማ ባለበት አሁን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላ ቆሟል። በመሃሉ ይብለጨለጭ የነበረው ውሃ ደርቆ የበሰበሰ አገዳ ሞልቶበታል። አልፎ አልፎ እንቁራሪት ይጮኻል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ጋሽ ናኦል ረፋድ ላይ በፔርሙዝ ሻይ፣ በኪሳቸው ቆሎ ይዘው እየመጡ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። አንዴ ስለ ደመወዝ ጠየቋት፣ አንዴ ደግሞ ልጆች እንዳሏት። አንዲት ልጅ እንዳለቻት፣ ሐዋሳ እንደምትኖር ነገረቻቸው።

በአሥረኛው ቀን ሻዩን ቀድተው ከሰጧት በኋላ አጠገቧ ተቀመጡ።

"እዚህ ውስጥ አታገኛትም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "አታገኚያትም።"

"እንዴት?"

"የለችማ። አጥሩ ከታጠረ በሦስተኛው ዓመት ወጥታለች።"

ሶልያና ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ እያወቁ ነው ዝም ያሉኝ?"

"አዎ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም።" ፊታቸውን ወደ ፊላው መለሱ። "መጽሐፉ ላይ ያለውን ፎቶ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ከወፏ ኋላ ሰው ነበር።"

ሶልያና ያን ጠዋት ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች፤ ብርዱን፣ የረጠበ ጫማዋን፣ ወፏ ብቅ ያለችበትን ቅጽበት። ያን ሰው ግን አስታውሳው አታውቅም። አሁን ሲጠሩት መጣ፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት፣ ጎንበስ ብላ ቄጠማ የምታጭድ። ካሜራው "ከበስተኋላ ሰው አለ፣ ይጽዳ?" ብሎ ጠይቋት ነበር። ቢጫው ዓይን ይስባል። ሳታመነታ "አዎ" የሚለውን ተጫነች። ካሜራውም ዋናውን አላስቀረላትም።

"ሴት ነበረች" አለች።

"ሌንሳ ትባላለች። ባለቤቴ ናት። ወፏ ያለችበትን ያሳየችሽ እሷ ነበረች፤ መቼም ረስተሽዋል።" ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። የሆነውን በተራ እያስቀመጡ ነበር። "'ፎቶው መጽሐፍ ላይ ይወጣል' ብለሽ ነግረሻት ሄድሽ። እሷ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ፣ 'የትምህርት ቤት ልጆች ሊያዩኝ ነው' ብላ አወራች። መጽሐፉ ሲመጣ እኔ ነኝ ይዤላት የገባሁት። እጇን አጥባ፣ አድርቃ፣ ገልጣ አየች።"

"ምን አለች?"

"ምንም። ሳቀች። ከወር በኋላ አጥሩን ሊያጥሩ መጡ። 'ፎቶው ሰው የማይደርስበት ንጹሕ ቦታ መሆኑን ያሳያል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላም ማንም አይደርስበትም' አሉን። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ያጭደው ነበር እኮ። ቄጠማው አጭር የሚሆነው፣ ውሃው የሚታየው ስለሚታጨድ ነው። መታጨዱ ሲቀር ፊላው ዋጠው። ወፏ ደግሞ በፊላ ውስጥ መሮጥ አትችልም።"

"እሳቸውስ… ሌንሳ አሁን የት ናቸው?"

"አሥራ ሁለት ዓመቷ ካረፈች።"

"ሌላ ፎቶ ይኖራቸዋል?" ብላ ጠየቀች፣ ከአፏ ከወጣ በኋላም ምነው ባልጠየቅሁ አለች በልቧ።

"መታወቂያዋ ላይ አለ። ግን ያው የጸዳ ነው፤ እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት" አሉና ቅንድባቸውን ነኩ። "እሱ የለም።"

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ወሰዷት። ወንዙ በሚታጠፍበት ጥግ፣ ከግማሽ ኳስ ሜዳ የማይበልጥ ረግረግ አለ። እሱም የመዝገቡ ክልል ነው፤ ማጨድ ክልክል ነው። ቄጠማው ግን ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር፣ በመሃሉም ውሃ ያበራል። ሶልያና እዚያው ቆማ ቀረች። ከሃያ ዓመት በኋላ ያን ጠዋት መልሳ ያየች መሰላት።

"ማነው የሚያጭደው?"

"ማን ይመስልሻል" አሉ ጋሽ ናኦል። "ኅዳር ላይ ብቻዬን እገባለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅብኛል። ክረምት ደግሞ ለጥጃዬ ከዳር ከዳር አጭዳለሁ። ከታወቀ ሥራዬ አለቀ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሶልያና በሆዷ ተኝታ ስትጠብቅ ጋሽ ናኦል በወዲያኛው ዳር ማጭዳቸውን ይዘው ጎንበስ ቀና እያሉ ይመጡ ነበር። ድንገት ከእግራቸው ፊት፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ወፏ ከሳሩ ወጣች። የምትሸሻቸው አልመሰለችም። እሳቸው ሲራመዱ ከሳሩ የሚነሱትን ነፍሳት እየለቀመች፣ እንደ ዶሮ ፊት ፊታቸው ትሄዳለች። ከዚያ አንድ ጊዜ ክንፏን ከፈተች። ሶልያና ቁልፉን ተጫነች።

ፎቶው ጥሩ ነበር። የወፏ ጭንቅላት ላይ ያለው ቡናማ፣ ጉልበቷ ላይ የተለጠፈው ጭቃ፣ ነጩ ክንፍ ሁሉ በጥራት ይታያል። ከኋላዋ ሰማያዊ የዝናብ ልብስ አለ፣ ሁለት የጎማ ቦት ጫማ፣ ማጭድ የያዘ እጅ፣ እንዲሁም ሳሩ የታጨደበትና ያልታጨደበት መስመር። የጋሽ ናኦል ፊት ወደ ወፏ አዘንብሏል። ከካሜራው ማሳያ በታች ጥያቄው መጣ፦ "ከበስተኋላ ሰው አለ። ይጽዳ?" አጠገቡ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልመለሰች ራሱ ያጸዳዋል።

አለቃዋ ናታን ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ በደስታ የተሞላ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሶልያና መዝገብ ቤት ስትገባ እሱ ገና ሕፃን ነበር።

"ካሜራዎ አድርሶኝ አየሁት፣ ወይዘሮ ሶልያና። እጅዎን ይባርከው። በሉ 'አዎ'ን ይጫኑና ይላኩት።"

"ሰውየው እንዲቀር ብፈልግስ?"

"መዝጋቢው ማሽን አይቀበለውማ። ሰው ያለበት ከሆነ ወፏ የዱር አይደለችም፣ ቦታውም ንጹሕ መኖሪያ አይደለም ብሎ ይጥለዋል። ያውቁታል እኮ።"

"ካጸዳሁትስ ምን ይሆናል?"

"ፋይሉ ለሃያ ዓመት ይታደሳል። አጥሩም እስከ ወንዙ ድረስ ይሰፋል፣ ወዲያው ነው የሚያዝዙት።"

"አጥሩ ከሰፋ የሚያጭድ ሰው አይገባም። የሚያጭድ ሰው ካልገባ በሦስት ዓመት ወፏ አትኖርም። ናታን፣ ወፏ እዚያ ያለችው ሰውየው ስላለ ነው።"

"እኔ አምንዎታለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ይህን የሚጽፉበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።"

ሶልያና ስልኩን ዘግታ ጋሽ ናኦል ቤት ደጃፍ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ብታጸዳው ወፏ በመዝገብ ትኖራለች፣ በጨፌው ግን ትጠፋለች። ባታጸዳው ሰውየው ሥራቸውን ያጣሉ፣ ፋይሉም ይዘጋል፤ መሬቱን ማን እንደሚወስደው አይታወቅም። ሁለቱንም እያነሳች ብትጥል ልቧ የሚያርፍበት አጣች። ጋሽ ናኦል ከጥጃቸው ተመልሰው ሲመጡ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ፎቶውንም አሳየቻቸው።

ማሳያውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"እኔን ብታጠፊኝ ግድ የለኝም" አሉ። "ሳሩን ግን ማን ያጭደዋል?"

"ማንም።"

"ሦስት ቀን አለሽ አይደል? ላስብበት" ብለው ገቡ።

ያን ቀን በሙሉ አልወጡም። በነጋታው ሶልያና ድንኳኗን እያጣጠፈች ሳለ መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር።

"እንዳለ ላኪው" አሉ። "ስሜንም ጻፊበት፣ ናኦል ቶሌራ ብለሽ። ሌንሳ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም ሳልል መሞት አልፈልግም።"

ሶልያና "አይ" የሚለውን ተጫነች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማንም ያልጠየቃትን ደብዳቤ ጻፈች። ከሃያ ዓመት በፊት በተመዘገበው ፎቶ ውስጥ ሌንሳ የምትባል የቡርቃ ነዋሪ ሳር ስታጭድ እንደነበረች፣ እሷን ያጠፋችው ራሷ ሶልያና መሆኗን፣ ጨፌው ያኔም ቢሆን ሰው የማይደርስበት ቦታ እንዳልነበረ አንድም ቃል ሳታለዝብ አሰፈረች። ፈረመችበትና ሁለቱን አንድ ላይ ላከች።

አዲሱ ፎቶ በአራት ሰከንድ ውስጥ ተመለሰ። "ሰው አለበት። አልተመዘገበም።" ደብዳቤው ግን አልተመለሰም። መዝጋቢው የሚመድብበት ሳጥን ስላጣ ወደ ሰዎች አሳለፈው፤ ሰዎቹ ደግሞ ፋይሉን ሳይዘጉ አቆይተው ሰባት ወር ፈጀባቸው።

በመጋቢት ወር ሶልያና ሦስት ሰዎች ፊት ቀረበች። መሃል የተቀመጡት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና በደንብ አዩዋት።

"ይህን ሲጽፉ ፈቃድዎ እንደሚሰረዝ ያውቁ ነበር?" አሏት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው?"

"ሴትየዋ ነበሩ" አለች ሶልያና። "የሆነው ይኸው ነው። ነበሩ።"

ውሳኔው በጽሑፍ መጣ። የመጀመሪያው ፎቶ ሰው የነበረበት ሆኖ ስለተገኘ ምዝገባው ከመነሻው ፈርሷል። ምዝገባው ስለፈረሰ ነጭ ክንፍ የምትባለው ወፍ በቡርቃ ጨፌ ተመዝግባ አታውቅም። ያልተመዘገበች ወፍ ፋይል ስለሌላት የሚዘጋም ፋይል የለም። አጥሩ በስህተት የታጠረ በመሆኑ በስድስት ወር ውስጥ ይነሳ፤ መሬቱ ቀድሞ ይጠቀሙበት ለነበሩት ነዋሪዎች ይመለስ። የፎቶ አንሺዋ ፈቃድ ይሰረዝ። የሚጠበቅ አጥር ስለማይኖር የጠባቂው የሥራ መደብ ይታጠፍ።

ሶልያና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ለጋሽ ናኦል ደወለችላቸው። ሁሉንም አነበበችላቸው።

"እንግዲያው ወፏ ከመጀመሪያውም የለችም ማለት ነው?" አሉ።

"በወረቀት፣ አዎ።"

"እና ኅዳር ላይ መግባት እንችላለን?"

"ትችላላችሁ።"

"በይ እግዜር ይስጥሽ" አሉና ዘጉት። ጡረታቸው ከጠበቁት እንዳነሰባቸው የሰማችው በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው።

ለሶልያና ቀሪው ዓመት ከባድ ሆነባት። ቋሚ ሥራ ፈልጋ አጣች፤ የአንድ ሠርግ ቤት አልበም ስታዘጋጅ ከሙሽራዋ ኋላ የቆመውን አካል ጉዳተኛ አጎት አላጠፋም ብላ ተሰናበተች። መጽሐፉ በአዲስ ሽፋን ታተመ፤ አሁን ሽፋኑ ላይ አበባ አለ። ልጇ ከሐዋሳ ደውላ "እማ፣ ለአንዲት ወፍ ብለሽ?" አለቻት። "ለወፏ ብቻ አይደለም" ብላ መለሰችላት።

በ2094 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ያለ ፈቃድ፣ በራሷ ወጪ፣ እንደገና ወደ ቡርቃ ወጣች። አጥሩ የለም። አገሩ ሁለት ኅዳር አጭዶታል፤ ፊላው ወደ መሃል ሸሽቷል፣ በዳርና በዳር ቄጠማው ተመልሷል፣ ውሃ ይታያል። ጋሽ ናኦል ምርኩዝ ይዘው እስከ ዳሩ አብረዋት ሄዱ። ከጨፌው ውስጥ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፋ ዓይነት የነጭ ክንፍ ድምፅ መጣ፤ ሁ፣ ሁ። ሶልያና ከሦስት ቦታ ሰማች።

"አራት ናቸው" አሉ ጋሽ ናኦል። "አንዷ ሩቅ ናት፣ ጆሮሽ አልለመደም።"

ሶልያና ሳሩ ላይ በሆዷ ተኛች። ከፊቷ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ቦንቱ የምትባል የጋሽ ናኦል ጎረቤት፣ ቀይ ላስቲክ ለብሳ፣ ለላሟ ሳር ታጭዳለች። ሌንሱ ወደ እሷ መዞሩን ስታይ ቀና አለች።

"ካስቸገርኩሽ ልውጣልሽ?"

"ኧረ ሥራሽን ቀጥይ" አለቻት ሶልያና።

ቦንቱ ጎንበስ አለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ማጭዷን ሳበች። ከእጇ ሥር ሳሩ ተላወሰ፣ ወፏም ወጣች።

ሶልያና ፎቶውን የትም አልላከችውም። ከተማ ተመልሳ ሁለት ቅጂ አሳተመች፤ አንዱን ለጋሽ ናኦል፣ አንዱን ለቦንቱ፣ ራሷ ይዛላቸው መጣች። ቦንቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው፣ ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው፣ ፊቷን አጨማደደች።

"ወገቤ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?"

"ወፏንስ አየሻት?" አለቻት ሶልያና።

"እሷንማ ሁልጊዜ አያታለሁ" አለች ቦንቱ፣ ዓይኗን ከራሷ ምስል ሳትነቅል።